ልዩ ልዩ ክብ ብረት

የግብዣው ደብዳቤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይላል። እኔ ከሮቤ በሚኒባስ ተነስቼ ጎባ አዳራሹ በር ላይ የደረስኩት ለሦስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። በሩ ተቆልፏል። እንደሚቆለፍም ከቤቴ ስወጣ አውቅ ነበር። ቢሆንም ደብዳቤው ሦስት ሰዓት ካለ በሦስት ሰዓት መገኘት የእኔ ድርሻ ነው ብዬ ከሳነቴ አምባ በኩል በሚወርደው ጉም ውስጥ ቦርሳዬን አቅፌ ቆምኩ።

ሲናና ምርምር ማዕከል የዘር ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። የስንዴና የገብስ ፍሬ እየቆጠርኩ ስንቱ እንደበቀለ፣ ስንቱ እንደቀረ እመዘግባለሁ። ከሥራ ውጭ የዓለም ሳንቲም እሰበስባለሁ። ከዓረብ አገር የሚመለሱ ሰዎች፣ ሾፌሮች፣ ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጡ ፈረንጆች ኪሳቸው ውስጥ የቀረውን ይሰጡኛል። በቦርሳዬ ውስጥ የስልሳ አንድ አገር ሁለት መቶ አሥራ አራት ሳንቲም ነበር። በከተማው እንዲህ ያለ የሳንቲም ትርኢት ሲዘጋጅ የመጀመሪያው ስለሆነ እንዳለ ይዤው መጣሁ።

እውነቱን ለመናገር ግን የመጣሁት ለአንድ ልውውጥ ነው። ሻሸመኔ የሚኖሩ ጋሼ ሸዋዓለም የሚባሉ ሰብሳቢ አሉ፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ከአንድ መርከበኛ ያገኙት የኒው ጊኒ ሽልንግ አላቸው። የብር ነው፤ መሐሉ የተበሳ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው የተበሳ ሳንቲም ስለሆነ ለአራት ዓመት በቴሌግራም ስለምናቸው ኖርኩ። በመጨረሻ የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ክቡን ስሙኒዬን ብሰጣቸው። የ1936ቱ ስሙኒ፣ ማለትም ሃያ አምስት ሳንቲሙ፣ መጀመሪያ ሲወጣ ክብ ነበር። አጭበርባሪዎች ብር እየቀቡ ሽልንግ (የኛው ሃምሳ ሳንቲም) ነው እያሉ ሲያሳልፉት ዳሩ እንደ አበባ እንዲሆን ተደረገ። ክቡ ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። እኔ ያለኝ አንድ ነው፤ ያውም ንጹሕ። ጋሼ ሸዋዓለም የሚመጡት ድንች ሊጭን በሚመጣ የወዳጃቸው አይሱዙ ነው፤ መኪናው ደግሞ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። ከዚያ በፊት ስሙኒዬን ሰጥቼ ሽልንጉን መቀበል አለብኝ። የቀኑ ጉዳይ ይኸው ነበር።

ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ የትርኢቱ አዘጋጅ ሰርክአዲስ ባነር ተሸክማ እየሮጠች መጣች። ከኋላዋ ቁልፍ እያንሿሹ፣ ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው የቆለፉ የንብረት ክፍል ሠራተኛ በእርጋታ ይመጣሉ። ኦቦ ጉተማ ይባላሉ።

“አከም ቡልተን፣ ኦቦ ጉተማ” አልኳቸው።

“ነጋ፣ ነጋ፤ ደህና ነኝ። ቦርሳው ውስጥ ምንድን ነው ያለው?”

“ለትርኢቱ የመጣ ሳንቲም።”

በሩን ከፍተው እኔን ግን ደፉ ላይ አቆሙኝ። “ወደ አዳራሹ የሚገባ ዕቃ በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ደረሰኝ ይገባል። ቆይ ግን፣ ሳንቲም ገንዘብ አይደለም እንዴ? ገንዘብ ከሆነ እኔን አይመለከትም።”

ሒሳብ ክፍል ሄድን። ገንዘብ ያዥዋ ፈይሩዝ ከላይ ያለውን አንዱን ሳንቲም አንስታ አየችው፤ የጃፓን ነበር። “ይሄ ባንክ ይመነዘራል?”

“አይመነዘርም።”

“ታዲያ ምኑን ገንዘብ ሆነ? ውሰዱልኝ፣ በአላህ! ስንት ሥራ አለብኝ።”

ተመልሰን መጣን። ኦቦ ጉተማ ደረሰኙ ውስጥ ካርቦን ወረቀት አስገብተው፣ እስክሪብቶውን ሦስቴ ሞክረው፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጻፉ፦ ልዩ ልዩ ክብ ብረት፣ ብዛት 214። ከመካከላቸው ዘጠኙ ክብ እንዳልሆኑ ልነግራቸው ፈልጌ ሰዓቴን አየሁና ተውኩት። ፈረምኩ።

“አትቀየማቸው” አለችኝ ሰርክአዲስ ወደ ውስጥ ስንገባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ባለፈው ዓመት ለትርኢት የመጣ ጦር ጠፍቶ ሦስት ጊዜ ኮሚቴ ፊት ቀርበዋል። ጡረታ ለመውጣት ደግሞ አሥር ወር ነው የቀራቸው።”

ይህን ስሰማ ትንሽ አዘንኩላቸው። ሳንቲሞቹን በሰማያዊው ጨርቅ ላይ በየአገሩ ደርድሬ እንደጨረስኩ ሰርክአዲስ ባነሩን እንድሰቅልላት ለመነችኝ። የባነሩ ገመድ አጠረ። ገመድ ፍለጋ ሄድን። ገመድ ሲገኝ መሰላል ጠፋ። መሰላሉ ሲገኝ ባነሩ ላይ የወሩ ስም ተሳስቶ ተገኘ፤ በላዩ ወረቀት ለጠፍን። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ውጭ ቆየሁ።

ስመለስ ኦቦ ጉተማ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ተደፍተዋል። በቀኝ እጃቸው እስክሪብቶ፣ በግራቸው ቢሮ ውስጥ ስህተት የምናጠፋበት ነጭ ፍሉድ። ሳንቲሞቼ ሁሉ ፈንጣጣ የወጣባቸው ይመስላሉ። በእያንዳንዱ ላይ ነጭ ነጥብ፣ በነጩ ላይ ደግሞ ቁጥር ተጽፏል።

“ኦቦ ጉተማ፣ ምንድን ነው ያደረጉት?”

“ኮድ” አሉ ቀና ሳይሉ። “ወንበሩም ኮድ አለው፣ መጋረጃውም ኮድ አለው። ኮድ የሌለው ዕቃ የማንም ነው።”

“ፊታቸው ላይ እኮ ነው የጻፉት!”

“ታዲያ ጀርባቸው ላይ ብጽፈው ማን ያየዋል?”

በልቤ እስከ ሃያ ቆጠርኩ። የተበሱትን ሳይ ግን ነጭ ነገር የለባቸውም፤ በየቀዳዳቸው ክር ገብቶ ትንሽ የካርቶን ቁራጭ ተንጠልጥሎባቸዋል።

“ለእነዚህ መጻፊያ ቦታ አጣሁና ክር አሰርኩላቸው” አሉ ኦቦ ጉተማ። “ከሁሉም ብልሆቹ እነዚህ ናቸው። ለንብረት ሥራ የተመቹ።”

ስሙኒውን ፈለግኩት። 137 ቁጥር ሆኗል። ፍሉዱ ያረፈው በንጉሡ ጉንጭ ላይ፣ ልክ ከጺሙ በላይ ነው። ሰውዬው ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እኔም እገላገል ነበር፤ እጮኽባቸው ነበር። እሳቸው ግን አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሁለት መቶ ምናምን ሳንቲም ላይ አንድ በአንድ አጎንብሰው ዓይናቸው ቀልቷል። “አንድም አልዘለልኩም” አሉኝ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው።

ጋሼ ሸዋዓለም ስድስት ሰዓት ገደማ ደረሱ። ቀጠን ያሉ ረጅም ሰው ናቸው፤ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገውታል።

“ፍቅረየሱስ አንተ ነህ? እኔ ወፍራም ትመስለኝ ነበር።”

“ለምን?”

“መልእክትህ ረጅም ነዋ።”

ከደረት ኪሳቸው የክብሪት ቀፎ አወጡ። ውስጡ በጥጥ ተጠቅልሎ ሽልንጉ አለ። መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከጠበቅኩት ይቀላል፤ ቀዝቃዛ ነው፤ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ጌጥ አልተበላም። አሥር እስኪቆጠር ድረስ እንዳየሁት እጃቸውን ዘረጉ። “ይበቃሃል። በል የኔን ስሙኒ አምጣ።”

ከመዋሸት መናገር ይሻላል ብዬ፣ “ጋሼ፣ አንድ ችግር አለ” አልኳቸው። “የንጉሡ ጉንጭ ላይ ፍሉድ ተቀብቷል።”

“ፍሉድ? ምን ስህተት ተገኝቶበት?”

ነገርኳቸው። በአሴቶን እንደሚለቅ፣ አሴቶን ብረቱን እንደማይጎዳ፣ ይህን ከሥራዬ እንደማውቅ ጨምሬ ነገርኳቸው። “እንግዲያው አስለቅቀህ አሳየኝ” አሉ። “ሽልንጌን የምሰጠው ጉንጩን ካየሁ በኋላ ነው። ለነጭ ጉንጭ አልሰጥም።”

ከአዳራሹ ፊት ለፊት ካለው የውበት ሳሎን ሄጄ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አሴቶን ገዛሁ። “ለእጮኛህ ነው?” አለችኝ ልጅቷ። ለሳንቲም ነው ብላት “ሳንቲምም ጥፍር ይቀባል ጀመር?” ብላ ሳቀችብኝ። ይዤ ስመለስ ኦቦ ጉተማ በሁለት እጃቸው ጠረጴዛውን ከለሉት።

“ሚቲ! አይሆንም። ኮዱን ካጠፋህ 137 የት ሄደ ስባል ምን እላለሁ?”

“እንግዲያው ያቺን አንዷን ያውጡልኝና ውጭ ላጥፋው።”

“ለማውጣት ሞዴል ሃያ ሁለት ያስፈልጋል። ሞዴል ሃያ ሁለት ደግሞ የኃላፊው ፊርማ ያስፈልገዋል።”

“ኃላፊው የት ናቸው?”

“የክብር እንግዳውን ሊቀበሉ ሄደዋል።”

የክብር እንግዳው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። ሪባን ተቆረጠ። ትርኢቱን ያዘጋጀው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ኃላፊ አቶ ዱጉማ ንግግር ጀመሩ። ስለ ቱሪዝም ተናገሩ፣ ስለ ሳነቴ ተናገሩ፣ ስለ ወጣቶች ተናገሩ። እኔ የግድግዳው ሰዓት ላይ አፍጥጬ ስሜ ሲጠራ ነው የባነንኩት።

“...የዓለም ሳንቲሞቹን በሙሉ ለመሥሪያ ቤታችን ላበረከተልን ወጣት ፍቅረየሱስ ከፍ ያለ ምስጋና!”

አዳራሹ አጨበጨበ። የክብር እንግዳው በመስታወት ፍሬም የተደረገ የምስክር ወረቀት ይዘው ቆመው ይጠብቁኛል። ሰርክአዲስን አየኋት፤ አፏን በእጇ ይዛለች። በኋላ ስጠይቃት በፕሮግራሙ ላይ “የሳንቲሞች ርክክብ” ብላ እንደጻፈች ነገረችኝ፤ ርክክቡ ከኦቦ ጉተማ ጋር ያደረግነው መሆኑን አላብራራችም። አቶ ዱጉማም ያነበቡትን ነው የተናገሩት። ማንም ሆን ብሎ አልበደለኝም። ይህም ነው የሚያናድደው።

በሕይወቴ መድረክ ላይ ተናግሬ አላውቅም። ወጣሁ። “ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ” አልኩ። “ግን አልሰጠሁም። ያመጣኋቸው ለማሳየት ነው። የኔ ናቸው፤ ይዤ እመለሳለሁ።”

ጭብጨባ ጀምሮ የነበረ ሰው ሁለት ጊዜ አጨብጭቦ ተወው። ከኋላ የጋሼ ሸዋዓለም ሳል ተሰማኝ፤ ሳቅ የታፈነበት ሳል ነው። አቶ ዱጉማ ፈገግታቸውን አልተዉም፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም።

“መልካም” አሉ በማይክሮፎኑ። “ባለቤቱ እንዲመለስለት በደብዳቤ ይጠይቅ፤ እናየዋለን። የምስክር ወረቀቱን ግን ይውሰድ። አንዴ ታትሟል። አሁን ምሳ ተዘጋጅቷል።”

ፍሬሙን በብብቴ ይዤ እስከ መኪናቸው ተከተልኳቸው። “አቶ ዱጉማ፣ ለአንዲት ሳንቲም ብቻ፣ ሞዴል ሃያ ሁለት ላይ አንድ ፊርማ—”

“ሰኞ” አሉኝ። መስታወቱ ተዘጋ። ሰው ሁሉ ተከትሏቸው ወደ ሆቴሉ ሄደ።

አዳራሹ ውስጥ ሦስት ሰዎች ቀረን፤ ኦቦ ጉተማ፣ ጋሼ ሸዋዓለምና እኔ። ስምንት ሰዓት ከአምስት ሆኗል። ኦቦ ጉተማ ጀርባቸውን ሰጥተውን የመስኮቶቹን መቀርቀሪያ አንድ በአንድ ይፈትሻሉ። ጋሼ ሸዋዓለም ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

“አንሳውና እንውጣ።”

“ምን?”

“ያንተው ሳንቲም ነው። የራሱን ያነሳ ሌባ አይባልም። እኔ በዕድሜዬ ስንት ኬላ አልፌያለሁ፤ የዛሬው ከሁሉ የቀለለ ነው። እስከ አምስተኛው መስኮት ደርሰዋል፤ ስምንት መስኮት ነው ያለው።”

እጄን ዘርግቼ ነበር። አልደብቅም። ጣቴ ስሙኒውን ነክቶት ነበር፤ የፍሉዱ ሻካራነት ተሰምቶኛል። አራት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ከእኔ አንድ ክንድ ርቆ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አለ። የኔው ንብረት መሆኑም እውነት ነው። ግን ነገ ቆጠራ ይደረግና ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ይሆናል። ሰውዬው አራተኛ ጊዜ ኮሚቴ ፊት ይቆማሉ። ያወጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ብመሰክር እንኳ “ታዲያ አንተ ምን ትጠብቅ ነበር?” ነው የሚባሉት። እጄን መለስኩ።

“ኦቦ ጉተማ!” አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። “እኚህ ሰው ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ይሄዳሉ። 137ን ልሰጣቸው፣ እሳቸው ደግሞ ሌላ ሳንቲም ሊሰጡኝ ነው የመጡት። ካልሆነ አራት ዓመት የለፋሁበት ነገር ቀረ። እባክዎ ምን ይሻላል?”

ኦቦ ጉተማ ከስድስተኛው መስኮት ዞሩ። “ሌላ ይሰጡሃል?”

“አዎ።”

“ክብ ነው?”

“ክብ ነው።”

“ብረት ነው?”

“ብር ነው፤ እንግዲህ ብርም ብረት ነው።”

ደረሰኛቸውን ከካፖርታቸው አውጥተው አነበቡት። “ልዩ ልዩ ክብ ብረት፣ ብዛት 214። አንዱ ገብቶ አንዱ ከወጣ ያው 214 ነው። ሰነዱ ምን ጎደለበት?”

“ይህን ጠዋት ለምን አልነገሩኝም?”

“መቼ ጠየቅከኝ? አውጣልኝ አልክ እንጂ ለውጥልኝ አልክ?”

ጋሼ ሸዋዓለም ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። እኔም ቦታ ባገኝ እቀመጥ ነበር። ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ደስ ሊለኝ ሲል ደግሞ ሌላ ተነሳ።

“መጀመሪያ የሚገባው ይግባ” አሉ ኦቦ ጉተማ። “137 የሚል ክር ላስርለትና ከዚያ የድሮው ይወጣል።”

“መጀመሪያ ጉንጩን ልይ” አሉ ጋሼ ሸዋዓለም። “ሳላይ ሽልንጌን አልሰጥም።”

“ጉንጩን ለማየት ኮዱ መጥፋት አለበት። ኮዱ የሚጠፋው ሽልንጉ ከገባ ነው።”

“ሽልንጉ የሚገባው ጉንጩ ከታየ ነው።”

“የሰው አዳራሽ ውስጥ ትእዛዝ የሚሰጡት እርስዎ ማን ነዎት?”

“ሽልንጉ የማን ሆነና?”

አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያየሁ ቆምኩ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። እኔ በጋሼ ሸዋዓለም ቦታ ብሆን ሳላይ አልሰጥም፤ በኦቦ ጉተማ ቦታ ብሆን ሳልቀበል አልለቅም። ውጭ አይሱዙው ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ።

“መያዣ!” አልኩ። ስልኬን አውጥቼ ኦቦ ጉተማ እጅ ላይ አስቀመጥኩ። “ጉንጩ ካልጸዳ ወይም እሳቸው ሐሳባቸውን ከቀየሩ ስሙኒው ተመልሶ እስኪገባ ስልኩ እርስዎ ጋ ይቆይ። ኮዱንም ራሴ መልሼ እጽፈዋለሁ።”

ኦቦ ጉተማ ስልኩን ገለባብጠው አዩት። “ለስልኩ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ልቁረጥለት?”

“ኦቦ ጉተማ፣ በማርያም!”

“እሺ፣ እሺ። ቀልዴን ነው” አሉ። ቀልድ አልመሰለኝም።

መሐረቤን በአሴቶን አርሼ ጉንጩን ጫን ሳልል ነካ ነካ አደረግኩት። ቁጥሩ መጀመሪያ ሟሟ፤ ከዚያ ነጩ እንደ እርጎ ለቀቀ። ሦስታችንም ተጎንብሰን ነበር፤ የኦቦ ጉተማ ትንፋሽ ጆሮዬ ላይ ነው። ጉንጩ ወጣ። ያው ጥንት የነበረው ቡናማ ቀለሙ ነው፤ ጭረት የለበትም። ጋሼ ሸዋዓለም ማጉያ መነጽራቸውን አውጥተው ወደ መስኮቱ ወሰዱት። እያዩት ቆዩ፤ ጥሩምባው አሁንም ተነፋ፤ እሳቸው ግን አልቸኮሉም። መልሰው መልሰው ገለበጡት።

“ደህና ነው” አሉ በመጨረሻ። የክብሪት ቀፎውን ሰጡኝ፤ ስሙኒውን በዚያው ጥጥ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። “አንተ ልጅ፣ ሾፌር ብትሆን ኬላ ላይ ነው የምታረጀው” ብለው ትከሻዬን መትተው ወጡ።

ሽልንጉን ለማየት ቀፎውን ስከፍት የኦቦ ጉተማ እጅ ቀደመኝ። ክሩን አዘጋጅተው ኖሯል። በቀዳዳው አስገብተው፣ ሁለት ጊዜ ቋጥረው፣ 137 የሚለውን ካርቶን አስተካክለው ሰማያዊው ጨርቅ ላይ አኖሩት። ስልኬን መለሱልኝ።

“አሁን ልይዘው እችላለሁ?”

“ሰኞ ደብዳቤ ጽፈህ፣ ኃላፊው መርተውልህ፣ ሞዴል ሃያ ሁለት ተቆርጦልህ።”

“የኔ ነው እኮ።”

“ያንተ መሆኑንማ አውቃለሁ። የማን ሊሆን ነው?” አሉና መነጽራቸውን አውልቀው በካፖርታቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ ሽልንጉን አጎንብሰው አዩት፤ ከምር እያሰቡ ነበር። “የየት አገር ሽልንግ ነው?”

“ኒው ጊኒ የሚባል አገር። የዚያ ሰዎች ኪስ ስላልነበራቸው በክር እንዲያስሩት ተብሎ ነው የተበሳው ይባላል።”

“ስሙኒ ሰጥተህ ሽልንግ መቀበልህ ደህና ነበር” አሉ ኦቦ ጉተማ ራሳቸውን እየነቀነቁ። “እጥፍ ነው። ግን አየህ ፍቅሬ፣ የሰጠኸው ድፍን ነበር። ይሄ ብስ ነው። ሰውዬው እኮ አታለሉህ። ጠዋት ብትነግረኝ ኖሮ እንዲህ አይነቱን አልቀበልም ብዬ እመልስልህ ነበር።”

ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩ። ስለ ቀዳዳው፣ ስለ አራቱ ዓመት፣ ስለ ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ ሌሎች ሳንቲሞች ላስረዳቸው ነበር። ግን መብራቱን አጠፉ። ቁልፉን ይዘው በሩ ላይ ሆነው እስክወጣ እየጠበቁኝ ነው፤ ፊታቸው ላይ ያለው እውነተኛ ሐዘኔታ ነው።

“ደብዳቤው ላይ ለማን ብዬ ልጻፍ?” አልኳቸው።